ከዶማ በፊት ሲባጎ

በደቡብ ጎንደር በጋይንት የምትገኘው የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ሲያዩዋት እንደ ብዙዎቹ የደጋው አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናት። የክቡን ግድግዳ አልፎ የገባ ሰው ግን ሌላ ሕንፃ ፊት ለፊቱ ቆሞ ያገኛል፤ በተጠረበ ድንጋይ የታነፀ፣ ርዝመቱ ከወርዱ የሚበልጥ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን። የውስጠኛው የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነው። ክቡ ከዚያ በኋላ ተሠርቶ ዙሪያውን የከበበው ነው። ከኦክስፎርድ ትምህርቱን እንደጨረሰ እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ደራሲ ቶማስ ፓክንሃም የነገሥታት ልጆች ይታሰሩባቸው የነበሩትን አምባዎች ፍለጋ በበቅሎ ሲዞር ይህን አይቶ ተደነቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ለውጭው ዓለም አስተዋወቀው። ለአገሬው ግን አዲስ ነገር አልነበረም። ቤተ ልሔም ከመላው ኢትዮጵያ የድጓ ተማሪ ለማስመስከር የሚመጣባት ደብር ናት፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ከታወቁት ስልቶች አንዱም በስሟ ይጠራል። በዚያ የኖረ መሪጌታ ክቡ ውስጥ ምን እንዳለ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል።

ስለ ቤተ ልሔም ድጓ ብዙ ተጽፏል። ስለ ሁለቱ ሕንፃዎች መሠረት ግን ሲነገር አይሰማም። ክብና አራት ማዕዘን አንዱ በሌላው ውስጥ የቆሙበት ይህ ስፍራ፣ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ሁሉ ከቁፋሮ በፊት የሚገጥመውን ጥያቄ አንድ ላይ ይዞ ይገኛል። ወረቀት ላይ ወይም አሳብ ውስጥ ያለው ቤት ባዶ መሬት ላይ በትክክለኛ ልኩ፣ በትክክለኛ አቅጣጫውና በትክክለኛ ማዕዘኑ የሚሰፍረው እንዴት ነው?

ክቡ ቀላሉ ነው። አንድ ችካልና አንድ ገመድ ይበቃዋል። ችካሉ መሐል ላይ ይተከላል፤ ገመዱ ይታሰርበታል፤ ሌላው ጫፍ ላይ ሹል እንጨት ይያዝና ገመዱ እንደተወጠረ እየተዞረ መሬቱ ይጫራል። ገመዱ እስካልላላ፣ ችካሉም እስካልተነቃነቀ ድረስ ክቡ አይሳሳትም፤ የሚንጋደድ ማዕዘን የለውምና። ያው ገመድ የቋሚዎቹንም ቦታ ይሰጣል። ክቡን የጫረው ገመድ ቀጥ ብሎ ተወጥሮ በጭረቱ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ቢለካ፣ ስድስት ጊዜ ሄዶ መነሻው ላይ ይገጥማል። በየመሐሉ አንዳንድ ነጥብ ሲጨመር አሥራ ሁለት ይሆናል። ቁጥር መጻፍ የማያስፈልገው፣ ሜትር የማይፈልግ ሥራ ነው። የአብነት ተማሪ ጎጆውን ሲቀልስ፣ ገበሬው የሣር ቤቱን ሲሠራ የኖረው በዚህ ነው።

የክብ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ግን ከጎጆው ይከብዳል። ክቡ ቅኔ ማኅሌቱንና ቅድስቱን አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጎ ይይዛል፤ መሐል ላይ ያለው መቅደስ ግን ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። ካህኑ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ስለሚቀድስ የመቅደሱ ግድግዳ እንደተገኘ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ ሠራተኛው ከልኩ በፊት ምሥራቅን ማግኘት አለበት።

ምሥራቅን ፀሐይ ከምትወጣበት መውሰድ ቀላል ይመስላል። ፀሐይ በትክክል ከምሥራቅ የምትወጣው ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በመስከረምና በመጋቢት አጋማሽ ገደማ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ነው። በጋይንት ሰማይ በታኅሣሥ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ትሸሻለች፤ በሰኔም የዚያኑ ያህል ወደ ሰሜን። ሕንፃ የሚጀመረው ደግሞ ዝናቡ ቆሞ አዝመራው ሲነሳ ስለሆነ፣ በታኅሣሥ ማለዳ ፀሐይን አይቶ ችካል የተከለ ሰው መቅደሱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሊያዞረው ይችላል። መፍትሔው ከዚያው ችካልና ገመድ ይገኛል። ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ይቆማል፤ ዙሪያው በገመድ ክብ ይጫራል። ጠዋት የእንጨቱ ጥላ እያጠረ መጥቶ ጫፉ ክቡን ሲነካ ምልክት ይደረጋል። ከሰዓት በኋላ ጥላው እየረዘመ ሄዶ ክቡን እንደገና ሲነካ ሁለተኛ ምልክት ይደረጋል። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ወሩ የትኛውም ይሁን ይሠራል። ዛሬ በስልክ ኮምፓስ ማየት ይቻላል፤ ብረት አጠገብ ግን ይሳሳታል፣ ጥላው አይሳሳትም።

በመኖሪያ ቤት ደረጃ ክቡን ከገጠሩ እየገፋ ያወጣው ቆርቆሮ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው ቆርቆሮ እያደር ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች፣ ከዚያም ወደ ገጠር ዘለቀ። ከጉና ተራራ ወደ ምሥራቅ በወረታና ወልድያ መንገድ የሚሄድ መንገደኛ ነፋስ መውጫን ሲያልፍ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው ቤት አብዛኛው ባለ አራት ማዕዘን ነው። ቆርቆሮ ከፋብሪካ ሲወጣ አራት ማዕዘን ሆኖ ነውና ከሥሩ ያለውንም ቤት አራት ማዕዘን አደረገው። ክብ ጣሪያ ላይ የሚገባ ቆርቆሮ እየተቆረጠ ስለሚባክን ገንዘብ ያስወጣል። የሣር ክዳን ለማንኛውም ቅርጽ ይመቻል፤ ቆርቆሮ ግን ይቅር አይልም፣ ከሥሩ ያለው ግድግዳ ከተንጋደደ እዚያው ጠርዙ ላይ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተረሳ። ቤቱ ቅርጹን ሲለውጥ የልክ አወጣጡም አብሮ መለወጥ ነበረበት። ክቡ ራሱን በራሱ ያርማል፤ አራት ማዕዘን ግን አያርምም። አራት ችካል ተክሎ ዙሪያውን ሲባጎ ወጥሮ ጎኖቹን በሜትር የለካ ሰው፣ ልኩ ሁሉ እንደታሰበው ቢወጣለት እንኳ ቤቱ የተንጋደደ ሊሆን ይችላል። ጎኖቹ እኩል ሆነው ማዕዘኖቹ የተዛቡበት ቅርጽ አለና። ዓይን ይህን አያይም። በተለይ ተዳፋት ላይ፣ በጠመዝማዛ አጥር መሐል፣ በአካባቢው ያሉት ቤቶች ሁሉ በየአቅጣጫው በቆሙበት ሰፈር ዓይን የሚመሳከርበት ቀጥ ያለ ነገር አያገኝም።

አንድ ቤተሰብ 8 በ6 ሜትር የሆነ ቤት ሊሠራ ነው እንበል። የፊት ለፊቱ ግድግዳ መንገዱን ተከትሎ ሲባጎ ይወጠርለታል፤ በዚያ ላይ 8 ሜትር ተለክቶ ሁለት ችካል ይተከላል፤ የችካሉ አናት ላይ ልኩ የሚያርፍበት ሚስማር ይመታል። ቀጥሎ የጎኑ ግድግዳ ነው። ከመጀመሪያው ሚስማር 6 ሜትር የያዘ ሜትር፣ ከሁለተኛው ሚስማር ደግሞ 10 ሜትር የያዘ ሌላ ሜትር ተወጥረው ጫፍና ጫፋቸው ወደሚገናኝበት ይሳባሉ። የተገናኙበት ነጥብ ሦስተኛው ማዕዘን ነው፤ የመጀመሪያው ማዕዘን 90 ዲግሪ መሆኑ በዚያው ይረጋገጣል። ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር። ግንበኛው በትንሹ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ብሎ የሚያውቀው ነው። ተማሪ ቤት የፓይታጎረስ ሕግ ተብሎ የሚጠናው የማዕዘነ ቀጤ ጎነ ሦስት ስሌት መሬት ላይ ሲወርድ ይህን ይመስላል። ትልቁን ቁጥር መጠቀም ይመረጣል፤ በሦስት ሜትር ላይ የተሳሳተች ግማሽ ሴንቲ ሜትር ግድግዳው ሲረዝም አብራ ታድጋለች። ብዙ ሰው ከብረት የተሠራውን ትንሹን ስኳድራ ጥግ ላይ ደግፎ ለስምንት ሜትር ግድግዳ ማዕዘን ሲወስድ ይታያል። ስኳድራ ለበርና ለመስኮት ነው፤ ለመሠረት ይጠብባል።

አራተኛው ችካል በተመሳሳይ መንገድ ከተተከለ በኋላ ዋናው ምርመራ ይመጣል። ሁለቱ ሰያፎች፣ ማለት ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ የሚሄዱት መስመሮች፣ ይለካሉ። በዚህ ቤት ሁለቱም ልክ 10 ሜትር መሆን አለባቸው። ማዕዘኑ በአንዲት ዲግሪ ብቻ ቢዛባ አንደኛው ሰያፍ 10 ሜትር ከ8 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 9 ሜትር ከ92 ገደማ ይሆናል፤ ልዩነታቸው ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ዓይን የማያያትን አንዲት ዲግሪ ሰያፉ ከጋት በሚበልጥ ልዩነት አጉልቶ ያወጣታል። ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ለትንሽ ቤት በቂ ነው። ሰያፎቹ እኩል መሆናቸው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ትይዩ ጎኖችም እኩል መሆን አለባቸው። የፊቱ 8 ሜትር የኋላው 7 ሜትር ከ80 ቢሆን፣ ሁለቱም ወገን እኩል ከጠበበ፣ ሰያፎቹ እኩል ሆነው ቤቱ ወደ ኋላ ይጠባል።

ያቺ አንዲት ዲግሪ በ8 ሜትር ግድግዳ ጫፍ ላይ 14 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። መሠረቱ ላይ ማንም አያያትም። ቆርቆሮው ሲመታ ግን የመጨረሻው ረድፍ በአንድ ወገን ከግድግዳው ውጭ ይንጠለጠላል፤ በሌላው ወገን ይጎድላል። ወለሉ ላይ ሴራሚክ ሲነጠፍ የዳር ዳሩ እየተሸረፈ ይገባል። አልጋና ቁም ሣጥን ከጥጉ ጋር አይገጥሙም። መሠረቱ በድንጋይ ከተገነባ፣ ቢሙም ከተሞላ በኋላ ይህን ማረም የሚቻለው በማፍረስ ነው።

ልኩን የሚያበላሽ ሌላም ነገር አለ፤ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ መሬት እንደ ፎገራ ሜዳ ዝርግ አይደለም። ቤቱ የሚያርፈው ተዳፋት ላይ ነው። ሜትሩ መሬቱን ተከትሎ ከተዘረጋ የሚለካው የተዳፋቱን ርዝመት እንጂ የቤቱን አይደለም። በ10 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር በሚወርድ መሬት ላይ የተዘረጋ 10 ሜትር፣ አግድም ሲታይ 9 ሜትር ከ95 ብቻ ነው። ቁልቁለቱ 2 ሜትር ከሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠፋል። ባለቤቱ አሥር ሜትር ብሎ የከፈለበት ቤት ሳያውቀው ያጥራል፤ ይባስ ብሎ ላይኛውና ታችኛው ግድግዳ ስለማይተካከሉ ማዕዘኑ ሁሉ ይዛባል። ስለዚህ ሜትሩ አየር ላይ በውሃ ልክ ተመዛዝኖ ይያዛል፤ ከጫፉ ላይ ቱንቢ ይወርዳል፤ ቱንቢው የነካው ነጥብ ላይ ችካል ይተከላል። ተዳፋቱ የበረታ ከሆነ ደረጃ በደረጃ ሁለት ሁለት ሜትር እየተለካ ይወረዳል። ሲባጎ ለመስመር ነው እንጂ ለመለኪያ አይሆንም፤ ይለጠጣል። የጨርቅ ሜትርም እንዲሁ። መሠረት በብረት ሜትር ይለካ።

ከፍታን ለማመዛዘን ትልልቅ ኮንትራክተሮች ሌቭልና ቶታል ስቴሽን ያመጣሉ። ለትንሽ ቤት ግን ውሃ የሚታይበት ረጅም ቀጭን ላስቲክ ጎማ ይበቃል። ጎማው በውሃ ይሞላል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ክፍት ሆነው በሁለት ጥግ ላይ ይያዛሉ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይረጋል፤ መሐል ላይ ቤት ወይም ጉብታ ቢኖር እንኳ አይገደውም። የሚያሳስተው የአየር አረፋ ነው። አረፋ በጎማው ውስጥ ከተያዘ ንባቡ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ጎማው ከመለኪያው በፊት ቀስ ተብሎ ይሞላል፣ ዳር እስከ ዳር ይታያል። ይህን ያህል ርካሽና ይህን ያህል ትክክለኛ መሣሪያ በግንባታ ሥራ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ብዙ ቦታ ሳይወጣ ይቀራል።

ሙያው ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ግን ቁፋሮው በሚጀመርበት ጠዋት ነው። በጥንቃቄ የተተከሉት አራቱ የማዕዘን ችካሎች ያሉት የሚቆፈረው ቦታ ላይ ነው። ዶማው ሲያርፍ ነቅሎ ይጥላቸዋል፤ ልኩም አብሮ ይጠፋል። ልምድ ያለው ግንበኛ ይህን አስቀድሞ ያውቃል። ከእያንዳንዱ ጥግ ሜትር ወይም ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውጭ ወጣ ብሎ በሁለቱም አቅጣጫ ሁለት ሁለት አጫጭር እንጨቶች ይተክልና አናታቸው ላይ አግድም ጣውላ ይመታባቸዋል። ጣውላዎቹ ሁሉ በውሃ ልክ አንድ ከፍታ ላይ ናቸው። ሲባጎው በሚስማሮቹ ላይ ተዘርግቶ እስከ ጣውላው ይወጣል፤ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሚስማር ይመታል። አንዱ ሚስማር ለግድግዳው መሐል መስመር፣ ከግራና ቀኝ ሁለት ለግንቡ ጠርዝ፣ ወጣ ብሎ ሌላ ሁለት ለቁፋሮው ጠርዝ። ቁፋሮው በሚካሄድበት ጊዜ ሲባጎው ይፈታል፤ ግንበኛው ሲገባ መልሶ ይወጠራል። ሁለት ሲባጎዎች የሚሻገሩበት ነጥብ ላይ ቱንቢ ሲወርድ የጠፋው ማዕዘን ከጉድጓዱ ወለል ላይ ተመልሶ ይገኛል። በጣውላዎቹ ከፍታም የጉድጓዱ ጥልቀት ይለካል፤ ከሲባጎው እስከ ወለሉ ያለው ርቀት በየቦታው አንድ ከሆነ ወለሉ ደልዳላ ነው። ከሲባጎው መስመር ወደ መሬት ኖራ ወይም አመድ ይነሰነስና ቆፋሪዎቹ ያንን ይከተላሉ።

በዚህ ጣውላ ላይ የሚቆጥቡ አሉ። ጥቂት አጣና፣ ጥቂት ቁራጭ ጣውላ፣ ጥቂት ሚስማር ነው ዋጋው፤ ያውም ሲያልቅ ለሌላ ሥራ ይውላል። ሳይሠራ ሲቀር ግን ግንበኛው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በግምት ድንጋይ ይደረድራል፤ ከግምት የሚወጣውም ሁሉ ከላይ ይታያል።

የሚስማሮቹ ነገር ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ባለቤቱ 6 ሜትር ሲል ከውስጥ ለውስጥ ነው ወይስ ከውጭ ለውጭ? በተለመደው አሠራር ከመሬት በታች ያለው የድንጋይ ግንብ 50 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይኖረዋል፤ ከላይ የሚቆመው ብሎኬት 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ከውጭ ለውጭ 6 ሜትር የሆነ ቤት ከውስጥ 5 ሜትር ከ60 ብቻ ነው፤ ልስኑ ሲጨመር ከዚያም ያንሳል። ፕላን የሚሠሩ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ከግድግዳ መሐል እስከ ግድግዳ መሐል ነው። ግንበኛው የውጩ መስሎት ከለካው፣ ባለቤቱ ለመኝታ ክፍሉ ያሰበው አልጋ ላይገባ ይችላል። ይህ ጥያቄ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳይጠየቅ ግን ስንት ቤት ይሠራል።

አፈሩም ቃል አለው። በደቡብ ጎንደር ወንዝ ዳርና ሜዳማ ቦታዎች ላይ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በክረምት የተተከለ ችካል በበጋ ቦታውን ለውጦ ሊገኝ ይችላል፤ ዝናብ በጣለ ማግሥት ልኩ እንደገና ይፈተሽ የሚባለውም ለዚህ ነው። ዋልካ ላይ ያረፈ መሠረት ልኩ ቢቀናም ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ዋልካው እስከሚያልቅ ቆፍሮ ማውጣት፣ ካልተቻለም ገረጋንቲ ሞልቶ በደንብ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። በደጋው ቀይ አፈርና ከሥሩ ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ግን ሥራው ይቀላል። የትም ቢሆን ከላይ ያለው ሣርና ሥር የበዛበት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ተጠርጎ ይወጣል። ጠረጋው ከልክ በፊት መሆን አለበት፤ ልክ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ቦታውን ማጽዳት የጀመረ ሰው ችካሎቹንም አብሮ ያጸዳል።

ይህ ሁሉ ጥበብ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በትግራይ የይሐ ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ፣ ተጠርበው በተገጠሙ ድንጋዮች የተገነባ አራት ማዕዘን ሕንፃ ነው፤ ግድግዳው እስከ ዛሬ ቆሟል። ድንጋይ እንዲህ የሚገጥመው መሠረቱ ላይ ማዕዘኑ ከቀና ብቻ ነው። አክሱማውያንም ቤተ መንግሥቶቻቸውን በአራት ማዕዘን እየመሠረቱ ግድግዳውን በየተወሰነ ርቀት ገባ ወጣ ያደርጉት ነበር፤ ልክ በልክ ያልወጣ መሠረት ይህን አይሸከምም። በቤተ ልሔም የውስጠኛው ቤተ ክርስቲያን የዚያ ረጅም ልማድ ወራሽ ነው። በላሊበላ ጉዳዩ ከዚህም ይጠነክራል። ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ ስለወጣ መጀመሪያ የተጫረው የመስቀል ቅርጽ በኋላ የሚታረምበት ዕድል አልነበረውም።

ክብና አራት ማዕዘን የተፈራረቁበት ሌላው ቦታ ጎንደር ነው። ዛሬ ያለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሕንፃ አራት ማዕዘን ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ግን ክብ እንደነበር መሬት ውስጥ የቀረው የመሠረት ዱካ ይመሰክራል። ቤተ ልሔም ላይ ክቡ አራት ማዕዘኑን ከበበው፤ ጎንደር ላይ አራት ማዕዘኑ ክቡን ተካው። ግድግዳ ሲወድቅ፣ ጣሪያ ሲቃጠል፣ ሥዕል ሲጠፋ መሠረት ይቀራል። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ተመራማሪም የሕንፃውን ቅርጽ የሚያነበው ከዚያ ነው።

ከኢትዮጵያ ውጭም ገመድ የተከበረ ነበር። በጥንታዊት ግብፅ ቤተ መቅደስ ሲመሠረት ንጉሡ ራሱ ችካል ተክሎ ገመድ የሚወጥርበት ሥርዓት ነበር፤ በቤተ መቅደሶች ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይታያል። በጊዛ ያለው ትልቁ ፒራሚድ እያንዳንዱ ጎኑ ወደ 230 ሜትር ይጠጋል፤ በአራቱ ጎኖች መካከል ያለው ልዩነት ግን ከሩብ ሜትር ያነሰ ነው። ግብፃውያኑ ማዕዘኑን ያወጡት አሥራ ሁለት ቋጠሮ ባለው ገመድ በሦስት፣ አራት፣ አምስት ነው እየተባለ ብዙ ይጻፋል፤ ለዚህ ግን የተገኘ ማስረጃ የለም። በሕንድ የመሥዋዕት መሠዊያ በገመድና በችካል እንዴት እንደሚወጣ የሚያስተምሩት ጥንታዊ ጽሑፎች ግን የፓይታጎረስ የተባለውን ሕግ በግልጽ ያስቀምጡታል።

ወደ አገራችን ትንሽ ቤት ስንመለስ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ገባ፤ ከበላዩ ያሉት ምድቦች የተጠየቁትን ያህል የባለሙያ ቁጥጥር አልተጠየቀም። ይህ ተገቢ ነው፤ አንዲት ክፍል የሚሠራ ሰው መሐንዲስ ቅጠር ቢባል አቅሙ አይፈቅድም። ውጤቱ ግን የትንሹ ቤት ልክ ሙሉ በሙሉ በግንበኛው እጅና ሕሊና ላይ መውደቁ ነው። ቀያሹ የቦታውን ወሰን አሳይቶ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የባለቤቱና የግንበኛው ጉዳይ ነው። ጎበዝ ግንበኛ ከገጠመ ቤቱ ይቀናል፤ ካልገጠመ ባለቤቱ የሚያውቀው ቆርቆሮ ሲመታ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የወረዳ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ግንባታ የሚማሩ ወጣቶች አሏቸው። እነዚህ ተማሪዎች በበጋው ወራት በየቀበሌው እየዞሩ ቁፋሮ ያልተጀመረባቸውን ቤቶች ልክ ቢፈትሹ፣ እነርሱም ይለማመዳሉ፣ ባለቤቱም ከኪሳራ ይድናል። ማዘጋጃ ቤቶችም የግንባታ ፈቃድ ሲሰጡ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የሁለቱ ሰያፎች ልክ በወረቀት እንዲመዘገብ ቢጠይቁ ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው።

እስከዚያው ድረስ ቤት ሊሠራ ያሰበ አንባቢ ይህን በራሱ ሊያደርግ ይችላል። የብረት ሜትር ይዋስ፤ ግንበኛውን “ልኩ ከውስጥ ነው ከውጭ?” ብሎ ይጠይቀው፤ አግድም ጣውላዎቹ መመታታቸውን ይይ፤ ከዚያ ሁለቱን ሰያፎች ራሱ ይለካ። ለ8 በ6 ቤት 10 ሜትር፣ ለ9 በ5 ቤት 10 ሜትር ከ30፣ ለ10 በ7 ቤት 12 ሜትር ከ21 መውጣት አለበት። ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ቁፋሮው ለነገ ይደር፤ ለቀን ሠራተኛ የሚከፈለው የአንድ ቀን ሒሳብ የተንጋደደ መሠረት አፍርሶ እንደገና ከመሥራት ያንሳል።